ባለአደራና እንግዳ፦ የኢትዮጵያ የተፈጥሮ ጥበቃና የኢኮ ቱሪዝም ዳሰሳ

ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው፣ ጨውና ዲን ከሚፈላበት ከዳሎል በረሃ ተነሥቶ፣ ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ውርጭና አመዳይ እስከሚወርድበት እስከ ራስ ዳሸን ጫፍ ድረስ የሚጓዝ መንገደኛ፣ የአንዲት አገር ወሰን ሳያልፍ ሐሩሩንም ቍሩንም፣ ምድረ በዳውንም ጥቅጥቅ ያለውን ደንም ተራ በተራ ያያል። በአፍሪካ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ምድር አብዛኛው የሚገኘው በኢትዮጵያ ስለ ሆነና ይህም ደጋ በዙሪያው ባለው ሞቃት ቆላ ከሌሎቹ የአፍሪካ ተራራዎች ተለይቶ እጅግ ረጅም ዘመን ስለ ኖረ፣ በላዩ የሰፈሩት ዕፅዋትና አራዊት በሌላው ዓለም የሌለ የራሳቸውን መልክና ጠባይ ይዘዋል። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና የደጋ አጋዘን ከዚህች ምድር በቀር አገር የላቸውም፤ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ የሚኖረው የቁራ ወገን የሆነው ወፍም እንዲሁ ከዚያ ከጠበበው ክልል አልፎ አይገኝም። ሊቃውንተ ዕፅዋት በአገሪቱ የቈጠሯቸው ከፍተኛ ዕፅዋት 6000 ገደማ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ከአሥሩ አንዱ ያህል በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ነው፤ የአዕዋፉም ዐይነት ከ850 ይበልጣል። ዓለም በየማለዳው የሚጠጣው የአረቢካ ቡናም በዱርነቱ በብዛት የሚበቅለው በደቡብ ምዕራቡ ደን ጥላ ሥር ነው።

እንዲህ ያለውን በረከት ስለ መጠበቅ ሲነገር በዘመናችን ሁለት ነገሮች ተያይዘው ይነሣሉ፤ አንደኛው መንግሥት የሚከልለው ብሔራዊ ፓርክ፣ ሁለተኛው ደግሞ ተፈጥሮን ሳይጎዳ የአካባቢውን ሕዝብ የሚጠቅም ጉዞ፣ ማለት ኢኮ ቱሪዝም ነው። ሁለቱም የሚያስፈልጉ መሆናቸው አያከራክርም። ነገር ግን የአገሪቱን የጥበቃ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ በጥሞና የመረመረ ሰው፣ ደኑና አራዊቱ ጸንተው የቆዩት አጥር በታጠረበት ወይም እንግዳ በበዛበት ሁሉ ሳይሆን፣ በስፍራው የሚኖረው ሕዝብ ባለመብትም ባለአደራም በሆነበት መሆኑን ያስተውላል። ይህ ዳሰሳ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

፩. የጥንቱ ጥበቃ

የኢትዮጵያ የተፈጥሮ ጥበቃ የተጀመረው ከውጭ አገር በመጣ ትምህርት አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት፣ በ15ኛው መቶ ዓመት በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር የተተከለ ነው፤ በኋላም ዐፄ ምኒልክ እንዳይቈረጥ አስከብረውታል። ይሁን እንጂ ከነገሥታቱ ትእዛዝ ይልቅ ሰፊውና ዘመን የተሻገረው ጥበቃ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው።

በጎንደርና በጎጃም ደጋ ላይ ከፍ ካለ ስፍራ ሆኖ የሚመለከት ሰው፣ እስከ አድማስ የተዘረጋው ምድር ሁሉ ታርሶና ተግጦ ሲያይ፣ በመካከሉ እዚህም እዚያም ክብ ሆኖ የቆመውን ጥቍር አረንጓዴ ደን ተመልክቶ ያ ስፍራ ደብር ወይም ገዳም መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ሊቃውንቱ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያንን በኤደን ገነት ስለሚመስሉት፣ ምእመናኑም በአጸዱ ውስጥ ያለውን ዛፍ መቍረጥ ድፍረት ነው ብለው ስለሚፈሩ፣ ከሌላው ምድር የጠፉት ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ በዚያ ተጠልለው ቆይተዋል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት እነዚህ አጸዶች የጥንቱ የደጋ ደን ቅሬታና የዘር ጎተራ መሆናቸውን ለዓለም አስታውቀዋል፤ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎማን ጋር በመተባበርም ካህናቱና ምእመናኑ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲክቡ ረድተዋል። የካቡ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ትልልቁ ዛፍ በግዝት ቢጠበቅም፣ ከብትና ፍየል እየገቡ ችግኙን ስለሚግጡትና ስለሚረግጡት፣ ያረጀው ሲወድቅ የሚተካው ወጣት ዛፍ አይገኝም ነበር። እንግዲህ እምነቱ ደኑን እስከ ዛሬ አደረሰው፤ ካቡ ደግሞ ለሚመጣው ዘመን እንዲተርፍ አገዘው።

የዘጌ ልሳነ ምድር በጣና ሐይቅ ዳር ሌላው ምስክር ነው። በዚያ ያለው የገዳም ትውፊት እንደሚለው፣ አቡነ በትረ ማርያም ለዘጌ ሕዝብ ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን መተዳደሪያ አድርገው ሲሰጡ፣ በበሬ ማረስንና ከብት ማርባትን ከልክለዋል። ይህ ሥርዐት ከሃይማኖታዊነቱ ባሻገር ጥልቅ የኑሮ ጥበብ አለበት፤ ማረሻ ያልገባበት ምድር አፈሩ አይታጠብም፣ ከብት ያልገባበት ደን ችግኙ አይረገጥም፣ ቡናውም ጥላ ስለሚፈልግ ትልልቁን ዛፍ መጠበቅ ለነዋሪው የዕለት እንጀራው ሆነ። ስለዚህ የጣና ዙሪያ አብዛኛው ሲራቈት ዘጌ ደኗን ይዛ ቆየች።

በመንዝ ደግሞ ጥበቃው በሣር ላይ ነው። የጓሳ ምድር ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ጅብራና አስታ የሚበቅልበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ውርጫማ ደጋ ሲሆን፣ በላዩ የሚበቅለው ጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ከዝናብ ለሚከልለው ለገሳም ይሆናል። የአገሩ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቀሮ ሥርዐት ይህን ምድር በአንድነት ሲያስተዳድሩት፣ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት፣ ሣሩ በቂ ሆኖ ሲገኝ ቀን ቈርጠው ይከፍቱት፣ የተከለከለውን የተላለፈውንም ይቀጡት ነበር። የቀሮው መብት ግን ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከገራ ለሚወለዱ ባለርስቶች ብቻ የተሰጠ ስለ ነበር ፍጹም ትክክለኛ ነበረ ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የቀሮው ሥልጣን አብሮ ተሻረ፤ ሕዝቡ ግን ምድሩ እንዳይጠፋበት ሌላ ማኅበር አቁሞ በርስት ሳይሆን በነዋሪነት የቆመ ጥበቃ መሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም ስፍራው በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆነ። ሥርዐቱ ከነጉድለቱ ሳይጣል፣ ጉድለቱ ታርሞ መቀጠሉ ከጓሳ ታሪክ ሁሉ የላቀው ትምህርት ነው።

ይህን የመሰለ ጥበብ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። የጌዴኦ ሕዝብ እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ ላይ አስተባብሮ ገደላማውን አገር ከነሕዝቡ ብዛት እያኖረ የተቀደሱ ደኖቹን በባህላዊ ሥርዐት ይጠብቃል፤ ኮንሶም ተራራውን በድንጋይ እርከን አስሮ አፈሩን አቁሟል። ኮንሶ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ጌዴኦ ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ስለዚህ ነው።

፪. የመንግሥት ፓርኮች

ዘመናዊው ሕግ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የአደን እንስሳትን ስለ መጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1944 አዋጅ ወጣ፤ በ1963ም ዩኔስኮ በጁልየን ሐክስሊ የሚመራ የሊቃውንት ቡድን ልኮ የአገሪቱን የዱር ሀብት ሁኔታ አስመረመረ። ከዚያ ወዲህ ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አዋሽ፣ ስሜንና ባሌ በብሔራዊ ፓርክነት ተከለሉ፤ ከእነርሱም አዋሽና ስሜን እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ጸደቁ። የስሜን ተራራዎችም እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት መጀመሪያ ከገቡት ስፍራዎች መካከል ተቈጠሩ።

ነገር ግን ፓርኮቹ የተከለሉበት አሳብ ሰውና አራዊት በአንድነት መኖር አይችሉም ከሚል መነሻ የመጣ ስለ ነበር፣ አባቱ ያረሰውን ያረሰ ገበሬ፣ አያቱ ከብት ያሰማራበት ላይ ያሰማራ አርብቶ አደር በአንድ አዋጅ ሕገ ወጥ ሆኖ አደረ። የዚህም ፍሬ የታየው ሥልጣን በላላ ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ደርግ ሲወድቅ በየፓርኩ የነበሩት ቤቶች ተዘረፉ፣ ዛፉ ተቈረጠ፣ አራዊቱ ታደኑ። ሕዝቡ ይህን ያደረገው ተፈጥሮን ስለ ጠላ ሳይሆን፣ ፓርኩን የእርሱ ሳይሆን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ስላየው ነበር።

ስሜን ይህን ፈተና ከሁሉ ይልቅ ቀምሶታል። ዋልያው በመመናመኑ፣ እርሻውና ግጦሹ በመስፋቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ወሰኑ ወደ ሰፋፊ የደጋ ምድሮች ከተስፋፋ፣ የግጦሹ ጫና ከተቀነሰና በፓርኩ መካከል የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። የአራዊቱ ትርፍ ታላቅ ነው። ሆኖም ገብስ ዘርቶና በግ አርብቶ ይኖር የነበረ ደገኛ ወደ ከተማ ዳር ሲዛወር፣ ካሳው ካለቀ በኋላ በምን እንደሚኖር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥበቃው ዕዳውን የሚከፍለው ይህ ጥያቄ በበቂ መልስ ሲመለስለት ብቻ ነው።

ባሌ ሌላ ዐይነት ታላቅነት አለው። በሰነቲ አምባና በ4377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ ላይ የአፍሪካ ሰፊው የውርጭ ደጋ ተዘርግቷል፤ ከእርሱ በስተደቡብ ቁልቁል የሐረና ደን በጉም ተሸፍኖ ይወርዳል፤ ከዚህም ተራራ የሚፈልቁት ወይብና ወልመል የመሳሰሉት ወንዞች ከዋቤ ሸበሌና ከገናሌ ጋር ሆነው እስከ ሶማሊያ ድረስ ያለውን ቆላ ያጠጣሉ። ስለዚህ የባሌን ደን የሚቈርጥ መጥረቢያ በሩቅ በረሃ ያለውን የግመል ጠባቂ ኵሬ ያደርቃል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በባሌ ነው፤ ፍልፈልና አይጥ እያደነ የሚኖር ይህ እንስሳ ሰውንም ሆነ በሬን አይነካም። ትልቁ ጠላቱ ከእረኞች ውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በሽታው በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ፈጅቶታል። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የእረኞቹን ውሾች በመከተብ ሥራውን አቋቋመ። ቀበሮውን ለማዳን የእረኛውን ውሻ ማዳን አስፈለገ ማለት ነው፤ ክትባቱም ለእረኛው ቤተሰብ ጤና ይሆናል። ባሌ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

፫. እንግዳውና ባለቤቱ

ኢኮ ቱሪዝም የሚባለው ጉዞ ከሌላው ጉብኝት የሚለይበት ሦስት ነገር አለ፤ ወደ ተፈጥሮ ስፍራ መሄዱ፣ ስፍራውን አለመጉዳቱ፣ ለአካባቢው ሕዝብ ጥቅም መስጠቱ። ሦስተኛው ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ ብዙ አይቆዩም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2002ን የኢኮ ቱሪዝም ዓመት ብሎ ሲሰይም፣ በኢትዮጵያም በዚያው ዘመን ይህን አሳብ በተግባር የሞከሩ ጥቂት ስፍራዎች ነበሩ።

ከእነርሱም አንደኛው በወሎ የመቄት አምባ ነው። ከላሊበላ ብዙ በማይርቀው በዚህ ደጋ፣ የመቋት ማርያምና የሌሎች መንደሮች ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው በገደሉ አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ሠሩ፤ እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ሲጓዝ ዕቃውን አህያ ይጭንለታል፣ ምግቡን የመንደሩ ሴቶች ያዘጋጁለታል፣ ተራውን የያዘው ገበሬ ይመራዋል፤ ገቢውንም ማኅበሩ ያስተዳድረዋል። ሁለተኛው በባሌ ሰሜናዊ ጫፍ በአዳባና በዶዶላ ነው፤ በዚያ በደን ውስጥ የሚኖሩት አባወራዎች ‘ዋጂብ’ በሚባል ማኅበር ተደራጅተው፣ የሰዉ ቍጥር ደኑ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ እንዳይሆን ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ያህል ታስቦ፣ ለመንግሥት የደን ኪራይ እየከፈሉ፣ ሌላ ሰው ገብቶ እንዳይቈርጥ የመከልከል መብት ተቀበሉ፤ በዚያው ደን ውስጥ በፈረስ ለሚጓዝ እንግዳም ማረፊያ ቤቶች ተሠሩ። በወንጪም፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኛው ሐይቅና በደሴቱ ባለው በቂርቆስ ገዳም ዙሪያ፣ የአካባቢው ሰዎች ፈረስና ጀልባ በማኅበር እያከራዩ ኖረዋል፤ ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆና ተመረጠች።

በስሜንም አስጎብኚው፣ በቅሎ ነጂው፣ ምግብ አብሳዩና ጠመንጃ ይዞ እንግዳውን የሚያጅበው ስካውት ከደባርቅ ተነሥተው ወደ ሳንቃበርና ወደ ጭነቅ ይወጣሉ። የበቅሎው ኪራይ ለበቅሎው ባለቤት በተራ የሚደርስ መሆኑ ትንሽ ነገር አይምሰል፤ ዋልያ ባለበት ተራራ ላይ በቅሎ ያለው ገበሬ፣ ዋልያው ሲጠፋ የበቅሎው ሥራም እንደሚጠፋ ያውቃል። ጥቅም ከአደራ ጋር የሚጋጠመው በዚህ መንገድ ነው።

በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ጥበቃው ከቡና ጋር ተያይዟል። ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012፣ ከዚህ አካባቢ ውጭ ያለው የጣና ሐይቅ በ2015፣ ማጃንግ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ሆነው ተመዝግበዋል። በዚህ ሥርዐት ምድሩ በሦስት ይከፈላል፤ የማይነካው ማእከል፣ በልክ የሚጠቀሙበት ዙሪያ፣ ሰውም የሚኖርበትና የሚያለማበት ዳርቻ። የቦንጋ አካባቢ ገበሬ ማኅበራት በአሳታፊ የደን አስተዳደር ስምምነት መሠረት ቡናን፣ ማርንና ቅመማ ቅመምን ከደኑ ሲለቅሙ ደኑን የመጠበቅ ግዴታ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የደን አዋጅም የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት በሕግ ማወቁ፣ የጥንቱ አደራ በአዲስ ቋንቋ ተጽፎ የተመለሰበት ታላቅ እርምጃ ነው።

፬. ሥጋቱ

ይህ ሁሉ ተስፋ ቢኖርም፣ ጥፋቱ ከጥበቃው እየቀደመ መሆኑን መሰወር አይገባም። የአብያታ ሐይቅ፣ ውሃው ለሶዳ ማምረቻ እየተሳበና የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ እየተቀነሰ፣ ከቀድሞ ስፋቱ እጅግ ሸሽቷል፤ ዓሣው ሲጠፋም በአጠገቡ በሻላ ሐይቅ ደሴት የሚራቡት የውሃ ወፎች መኖ አጡ። የሐሮማያ ሐይቅ በመስኖና በከተማ መጠጥ ውሃ ብዛት በ2000ዎቹ መጀመሪያ እስከ መድረቅ ደርሶ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት መመለሱ የተፈጥሮን ቸርነት ያሳያል እንጂ የእኛን ጥንቃቄ አይመሰክርም። በባቢሌ መጠለያ ያሉት ዝሆኖች በእርሻና በሰፈራ ተከበዋል። በጋምቤላ ከደቡብ ሱዳን ጋር ድንበር ሳያውቁ የሚፈልሱት ነጭ ጆሮ ቆርኬዎችም መንገዳቸው ክፍት ሆኖ የሚቆየው የሁለቱ አገሮች አሳብ አንድ ሲሆን ነው።

ጉብኝትም ራሱ ሳይመረመር የሚታመን መድኃኒት አይደለም። እንግዳ ሲበዛ ማገዶው፣ ቆሻሻውና መንገዱ ይበዛል። በኦሞ ሸለቆ እንደ ታየው፣ ሰው ለፎቶግራፍ በሚከፈለው ገንዘብ ልክ የሚታይ ትርኢት ሲሆን፣ ክብሩ በጥቂት ብር ይሸጣል። ትልቅ ማረፊያ በተሠራ ቍጥርም ገቢው ለሩቅ ባለሀብት ሄዶ፣ ለመንደሩ ዘበኝነትና ጽዳት ብቻ ቢቀር፣ መንደሩ ደኑን የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን እንግዳው ጨርሶ ሲቀር የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲዘጋ፣ በዚያውም ዓመት በሰሜን ጦርነት ሲነሣ፣ ቆይቶም ግጭቱ በአማራ ክልል ሲቀጥል፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ ነጂውና የጎጆው ማኅበር ገቢያቸው ተቋረጠ። ጥበቃው በእንግዳ ገንዘብ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ በዚያን ቀን ፈርሶ ነበር። የደብሩ አጸድና የዘጌ ደን ግን እንግዳ ሳይመጣም ቆመዋል፤ ምክንያቱም ጠባቂዎቻቸው የሚጠብቁት ለራሳቸው ነፍስ፣ ለራሳቸው ቡናና ለራሳቸው ልጆች ብለው ነው።

፭. ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት

እንግዲህ ጥበቃን ለማጽናት የሚሻ መንግሥት፣ ማኅበር ወይም ባለሀብት የሥራውን ቅደም ተከተል ያስተካክል። መጀመሪያ የነዋሪው መብት በጽሑፍና በወሰን ይረጋገጥ፤ ሁለተኛም እርሱ ራሱ የሚያወጣው ሥርዐት፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ፣ የሚቀጣበትም ዳኝነት ይከበር፤ በመጨረሻም እንግዳው በዚህ በቆመ ቤት ላይ ይጋበዝ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ እንግዳው አስቀድሞ ተጠርቶ ባለቤቱ ኋላ ሲታሰብ፣ ገንዘቡ ሲመጣ ጠብ፣ ሲቀር ደግሞ ምንጣሮ ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ጥበቃ በየደብሩ ካለው ደን የበለጠ የምታስተምርበት የላትምና፣ ካህናቱ የአጸዱን ካብ የመካቡንና ችግኝ የመትከሉን ሥራ ከሰበካው አገልግሎት አንዱ ያድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2019 በተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ችግኝ የሚተክለው ትውልድም፣ የተተከለው እንዲጸድቅ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው፣ ጠባቂም ያለ መብት እንደማይገኝ ይወቅ። አገሩን የሚጎበኘው ኢትዮጵያዊም፣ ከባሕር ማዶ ለዕረፍት የሚመጣው ወገን ጭምር፣ በሆቴል ብቻ ከማረፍ ይልቅ በመንደሩ ማኅበር ጎጆ ቢያድር፣ የመሪውንና የበቅሎ ነጂውን ዋጋ ሳይከራከር ቢከፍል፣ ከጠባቂው ጎን መቆሙ ነው። ፓርክና ጉብኝት የባለአደራውን እጅ የሚያበረቱ ሲሆኑ ይባረካሉ፤ እርሱን ካዳከሙ ግን ስማቸው ምንም ያህል ቢያምር የጥፋት ተባባሪዎች ናቸው።